በሃምቢስ ታክሲ የተበላው እንቁላል

በልጅነቴ ከሊማሶል ወደ ኒቆሲያ ለሚሄድ ሰው መጓጓዣ አልጠፋም ነበር። ሰማያዊው አውቶቡስ አለ፤ ጣሪያው ላይ የብርቱካን ሣጥንና የዶሮ ቅርጫት ይደረደርበታል፣ ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ያንጎራጉራል፣ መስኮቱም ከፍ ያለ ስለሆነ ባሕሩ እስከ ጥጉ ይታያል። የአጎቴ ፒክአፕ አለ፤ ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነፋስ መጠጣት ነው። የጋሼ ሃምቢስ ታክሲ ደግሞ አለች። የእኔ ልብ ያለው አውቶቡሱ ላይ ነበር። የእናቴ የማሩላ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«በታክሲ ነው የምንሄደው። ነገር አታብዢ ሉኪያ።»

ታክሲዋ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት ረጅም ጥቁር መርሰዲስ ነበረች። ጋሼ ሃምቢስ እንደ አውቶቡሱ ሾፌር አደባባይ ላይ ቆመው ሰው አይጠብቁም፤ በየሰዉ ደጅ እየዞሩ ያነሳሉ። ክላክሳቸውን ይነፋሉ። አንዷ ጫማዋ ይጠፋባታል፣ አንዱ ኒቆሲያ ላለ ልጁ ዘይት ያስጭናል፣ ሌላዋ በመስኮት ብቅ ብላ «ይቺን መነጽር ለወንድሜ አድርሱልኝ» ትላለች። እኛ ከሊማሶል ሳንወጣ አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ይደርሳል። በንዴት ብግን እላለሁ። ያም ሆኖ ጋሼ ሃምቢስን አደንቃቸው ነበር። ሆዳቸው መሪውን ይነካል፣ ጢማቸው ወፍራም ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው እሳቸውን እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም። ክላክሱን ከነፉ የማይወጣ ሰው አልነበረም።

የምንሄደው ለእኔ ነው። ደሜ በራሱ አይበረክትም፤ በደሴታችን ብዙ ቤት የገባ በሽታ ነው። ወር ሊሞላ ሲል ያልቅብኛል። ሲያልቅብኝ ከንፈሬ ይነጣል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ዴስክ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ። ያን ጊዜ ሐሙስ ቀን ኒቆሲያ ሆስፒታል ወስደው አልጋ ላይ ያስተኙኝና ቀዩን ጠርሙስ ይሰቅሉልኛል። ማታ ስመለስ ዘልዬ ነው ከመኪና የምወርደው። ቀዩ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። ነርሶቹ እዚያው ጓዳ ውስጥ እንደ ሮማን የሚጨምቁት ይመስለኝ ነበር።

በእኔ ሐሙስ ታክሲዋ ውስጥ ሁልጊዜ እንግዳ አይጠፋም። ስለ እነዚህ እንግዶች ሁለት ነገር አስተውዬ ነበር። አንደኛው፣ አንድ ጊዜ አብሮን የተጓዘ ሰው ቶሎ ተመልሶ አይመጣም። ዳቦ ጋጋሪው በሐብሐብ ወራት አብሮን ከሄደ፣ ዳግመኛ የማየው ወይራ ሲለቀም ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ያስመልሰኛል፤ አንድ ቀንም የዳቦ ጋጋሪው ሱሪ ላይ አስመልሼበታለሁ። ስለዚህ ሰዉ የሚሸሸው እኔን ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህ ነገር ልቤን ይበላኝ ነበር፤ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። በዐቢይ ጾም እቤታችን ምስርና ወይራ እንጂ ሌላ አይቀርብም። እናቴ የወተት ጠብታ ብታይ ድስቱን ደግማ ታጥባለች። በእኔ ሐሙስ ግን ማልዳ ተነሥታ እንቁላል ትቀቅላለች፣ ሃሉሚ አይብ ትጠብሳለች፣ ጉበት ትቆራርጣለች፣ በቅርጫት አድርጋም በነጭ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። የመጨረሻዎቹ ቤቶች ካለፉና የካሮብ ዛፎች ብቻ ከቀሩ በኋላ ጋሼ ሃምቢስ በመስታወት ወደ ኋላ እያዩ «በሉ እንጂ ብሉ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላሉ። እንግዶቹም ይበላሉ። በጾም! የሰፈራችን ቄስ ሚስት እሜቴ ኤሌንጉ ሳይቀሩ አማትበው አይቡን ይጎርሱታል።

እኔ በሽተኛ ስለሆንኩ ተፈቅዶልኛል፤ እነሱ ግን ምናቸው ታመመ? አሰብኩ፣ አሰብኩና ደረስኩበት። የጋሼ ሃምቢስ ታክሲ የጾም ገዳፊዎች መደበቂያ ናት። ሰዉ ኒቆሲያ የሚሄደው ከጎረቤት ዓይን ርቆ እንቁላል ለመብላት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ስንት የሚያይ ሰው አለ! በታክሲ የምንሄደውም ለዚህ ነው። ምስጢሩን በሆዴ ይዤ ማታ ማታ «ጌታዬ፣ እሜቴ ኤሌንጉን ይቅር በላቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል» እያልኩ እጸልይ ነበር።

ያ ሐሙስ የአልዓዛር ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን የቀረው ነበር። በዚያ ቅዳሜ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ይዘምራሉ፤ አንዱ ልጅ አልዓዛር ይሆንና በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ቢጫ አበባ ተነስንሶበት ይተኛል። «አልዓዛር ሆይ፣ ና ውጣ» ሲባል ብድግ ይላል። ለወትሮው የሚመረጠው ወንድ ልጅ ነው። የዚያን ዓመት ግን ወንዶቹ ተኙ ሲባሉ እየሳቁ ስላስቸገሩ፣ እሜቴ ኤሌንጉ እኔን አዩና «ይቺ ደግሞ ምን ማስመሰል ያስፈልጋታል? ሬሳ መስላ የለም እንዴ!» ብለው መረጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። መተኛቱን እችልበታለሁ። ያስፈራኝ መነሣቱ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የእኔ ሐሙስ አንድ ጠርሙስ ብቻ ስለተሰጠኝ ወሩ ሳያልቅ ደክሜ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ አባቴ ነበር አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ። እያደግኩ ስለነበር አንዱ አልበቃኝም።

ጋሼ ሃምቢስ መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ እሜቴ ኤሌንጉን አነሱና ልብስ ሰፊው ያኮቮስ ደጅ ቆመው ክላክስ ነፉ። ያኮቮስ አልወጣም። ሚስቱ ናት እጇን በሽርጧ እየጠረገች የወጣችው።

«ጋሼ ሃምቢስ፣ ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረው። እሄዳለሁ ብሎ ሱሪውን እየታጠቀ ነው፤ እርስዎ ይንገሩት።»

«ተይው ይተኛ። ቢሄድም ይመልሱታል።»

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። «አንድ ሰው ብቻ ከሆነማ ያው እንዳለፈው መሆኑ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አላየኋትም እንዴ ያን ሳምንት…» አልጨረሰችውም።

«ከእኔ ሁለት ጊዜ ይውሰዱ» አሉ እሜቴ ኤሌንጉ።

«እሜቴ፣ እርስዎ ፍየል ነዎት እንዴ ሁለቴ የሚታለቡት?» አሉ ጋሼ ሃምቢስ፤ መሪውንም ወደ አደባባዩ አዞሩት።

ይህን ሁሉ ከእናቴ ጭን ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። የገባኝ አንድ እንግዳ መጉደሉ ብቻ ነው። ቢጎድልስ? እንቁላል ይተርፋል፤ ሌላ ምን ይመጣል?

መኪናዋ ቡና ቤቱ በር ላይ ቆመች። ወንዶቹ ውጭ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ጋሼ ሃምቢስ ሳይወርዱ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«አንድ ሰው ለኒቆሲያ! አሁኑኑ!»

«እኔ ገና ባለፈው ወር ነው የሄድኩት» አለ አንዱ።

«እኔ ስኳር አለብኝ፤ እንደማይቀበሉኝ ታውቃለህ» አለ ሌላው።

ባለፈው ወር የሄደ ሰው በዚህ ወር ለምን አይሄድም? ስኳርስ ከኒቆሲያ ጋር ምን አገናኘው? የትልልቅ ሰዎች ነገር ብዬ ተውኩት። ያን ጊዜ ጥግ ላይ ብቻቸውን ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት ሰው ጋዜጣቸውን አጠፉና ብድግ አሉ። ጋሼ ቶፊስ ነበሩ፤ ጎረቤታችን፣ ጠላታችን።

በእኛና በእሳቸው ግቢ መካከል አንዲት በለስ አለች። ግንዷ እኛ ጋ ነው፣ ቅርንጫፏ እሳቸው ጋ ያፈራል፤ የማን አባት እንደተከላት ግን የሚያውቅ የለም። አባቴና ጋሼ ቶፊስ በእሷ የተነሣ ፍርድ ቤት ከተካሰሱ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰላምታ የለም፣ አጥራቸውን ዘሎ የገባ ኳስም አይመለስም። የክፋቱ ክፋት ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ዘማሪ ናቸው። በዐቢይ ጾም ዘይት እንኳ አይቀምሱም፤ የቀመሰውንም ሰው በዓይናቸው ያውቁታል ይባላል።

ጋሼ ሃምቢስ ራሳቸው ደነገጡ። «ቶፊስ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ አይደል?»

«የማን ልጅ ናት ብዬ ጠየቅኩህ? በሩን ክፈተው።»

ቤታቸው ከቡና ቤቱ አጠገብ ስለሆነ የቤት ነጠላ ጫማ ነበር ያደረጉት። እንደዚያው ሆነው ከፊት ገቡ። ለእሜቴ ኤሌንጉ እጅ ነሡ፤ እናቴን አላዩአትም። እኔ የእናቴን ጆሮ ስቤ አንሾካሾኩ።

«እማ፣ እንቁላሉን ደብቂው!»

«ለምን?»

«ጋሼ ቶፊስ ያዩታል!»

«ይዩታ» አለች። አበደች ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ኒቆሲያ የሚሄዱት እኛን ሊከሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ለዳኛው የሚነግሩት ሌላ ወንጀል በቅርጫት ይዘንላቸዋል።

መንገዱን ጀመርን። ባሕሩ በቀኝ በኩል ያበራል። እናቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ጋሼ ሃምቢስ፣ ለሰውዬው ይንገሩልኝ፤ ልጅቷን ነፋስ እየመታት ስለሆነ መስኮቱን ይዝጋው።»

ጋሼ ቶፊስ መስኮቱን ዘጉ። «ሃምቢስ፣ ለሴትዮዋ ንገራት፤ ሳትነግረኝም ልዘጋው ነበር።»

«እኔ ሾፌር ነኝ አስተርጓሚ?» አሉ ጋሼ ሃምቢስ። «ሁለታችሁም የምታወሩት እኮ የአንድ አገር ቋንቋ ነው!»

እሜቴ ኤሌንጉ በመሃረባቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ካለችው መንደር፣ ስካሪኑ ስንደርስ ጋሼ ሃምቢስ መኪናዋን ዛፍ ጥላ ሥር አቆሙ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የጨርቁ ድምፅ፣ ቀጥሎ የአይቡ ሽታ መጣ። እሜቴ ኤሌንጉ አማትበው በሉ። እናቴ አንድ እንቁላል ልጣ ጨው ነሰነሰችበትና ለጋሼ ሃምቢስ አቀበለቻቸው።

«ለሰውዬው ይስጡልኝ።»

ጋሼ ቶፊስ እንቁላሉን እንደ እባብ አዩት። «ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በአፌ ዘይት አልዞረም። ከነገ ወዲያ አልዓዛር፣ ከዚያ ሆሳዕና። አሁን ልግደፈው?»

«ለዚህ እኮ ነው የምልህ» አሉ ጋሼ ሃምቢስ። «በባቄላና በውሃ የከረመ ሰው እዚያ ሲደርስ ፌንት ነው የሚሠራው። አይተው ያባርሩሃል። የእሜቴ ባል፣ አባ ራሳቸው ፈቅደዋል፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ብለዋል።»

«አባ ለእናንተ ይፍቀዱ።»

«እሺ፣ አትብላ። ዞሬ ልመልስህ?»

ጋሼ ቶፊስ ዘወር ብለው አዩኝ። በልጅነቴ ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያዩኝ ያን ጊዜ ነው።

«የዘንድሮ አልዓዛር አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እንዴት ነው የምትነሺው? ብድግ ነው ወይስ እየተንቀራፈፍሽ? እኔ እየተንቀራፈፈ ለሚነሣ አልዓዛር አልዘምርም።»

«አላውቅም» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «ደረጃ ስወጣ እንኳ ይደክመኛል።»

ጋሼ ቶፊስ በሰፊው አማተቡና እንቁላሉን እንዳለ ወደ አፋቸው ከተቱት። እንደ መራራ መድኃኒት አላምጠው ዋጡት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ሃምቢስ፣ ሌላ እንዳላት ጠይቃት» አሉ።

እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጋሼ ቶፊስም! በዚያች መኪና ውስጥ ሰይጣን ያለ መሰለኝ። እንባቸውን ሳይ ግን አሳዘኑኝ፤ በለሷንም ኳሱንም ረሳሁት። ለማንም ላልናገር በልቤ ማልኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ አስተኙኝና ቀዩን ጠርሙስ ሰቀሉልኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ማዶ ያለው አልጋ ላይ ሁለት ነጠላ ጫማ ያጠለቁ እግሮች ታዩኝ። ጋሼ ቶፊስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ተጋድመዋል። ወዲያው ገባኝ፤ እግዚአብሔር ቀጥቷቸው ነው። እንቁላሉ አልተስማማቸውም። ያን ቀን ሁለት ጠርሙስ ተሰጠኝ።

ስንመለስ እኔ እየዘፈንኩ ነው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈዋል። እናቴ ብርቱካን ላጠች፣ ፈለፈለች፤ ከዚያም ጋሼ ሃምቢስን ሳትጠራ በትከሻቸው በኩል እጇን ዘረጋች። ጋሼ ቶፊስ ዘወር ሳይሉ ተቀበሏት።

ቅዳሜ አንሶላው ውስጥ ተጠቅልዬ ተኛሁ። የአበባው ሽታ አፍንጫዬን ይኮረኩረኛል። ጋሼ ቶፊስ ከራስጌዬ ቆመው ዘመሩ፤ ያ ወፍራም ድምፃቸው ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። «አልዓዛር ሆይ፣ ና ውጣ» ሲሉ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ አበባው በርሮ እሜቴ ኤሌንጉ ፊት ላይ አረፈ፣ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የጋሼ ቶፊስ ድምፅ ግን ተቆረጠ። ደግመው ጀመሩት፤ ደግሞም ተቆረጠ። እንቁላሉ ትዝ ብሏቸው ተጸጽተው ነው ብዬ ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ ቶፊስ፣ አይዞዎት። ለማንም አልናገርም።»

«ምኑን?»

«እንቁላሉን።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ፤ ጢማቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ትምህርት ቤት ልጨርስ ስል ነው። ደም በዚያን ዘመን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሰጪ ይዞ ይሄዳል። የእናቴንና የአባቴን ደም አይቀበሉም፤ በሽታውን የወረስኩት ከእነሱ ነው። ጋሼ ሃምቢስ ሰፈሩን በተራ አደራጅተው፣ የእኔ ሐሙስ በደረሰ ቁጥር ተረኛውን ከደጁ ያነሡ ነበር። አውቶቡስ ደጅ አይመጣም፤ ደሙን የሰጠ ሰው ደግሞ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ቆሞ ሊመለስ አይችልም። የአጎቴ ጆንያ ላይማ ጭራሽ። ዳቦ ጋጋሪውም እኔን ሸሽቶ አልነበረም፤ የሰጠው ደም እስኪተካለት ነበር የሚጠብቀው። ይህን ስሰማ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት የጠላኝ የመሰለኝ ሰፈር ተራውን እየጠበቀልኝ ነበር።

ዛሬ ሰፊ አውራ ጎዳና ተሠርቷል፤ ኒቆሲያ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ መኪናዬንም የምነዳው ራሴ ነኝ። ፀጉሬ ሸብቷል፤ እንደኔ ያለ ልጅ ይሸብታል ብሎ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም። ጋሼ ሃምቢስም ጋሼ ቶፊስም አልፈዋል። በዓለም ላይ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ፤ ክላክስ ሲነፋ በነጠላ ጫማ የሚወጣ ሰው የሚበልጥ ግን አላየሁም።

ጋሼ ቶፊስ ከዚያ ቀን በኋላ ተራቸው ሲደርስ ጫማቸውን ወልውለው ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እናቴን ሰላም አይሏትም። ክሱንም አላነሡም። ፍርድ ቤቱ በለሷን እኩል አካፈላቸው፤ ግማሽ ለእኛ፣ ግማሽ ለእሳቸው። ያን ሰሞን በቡና ቤቱ ደጅ ሳልፍ ካርታ ተጫዋቾቹ ሲያበሽቋቸው ሰማሁ።

«ስንት ዓመት ተሟግተህ ግማሽ በለስ ብቻ!»

«ግማሽ በለሷ ለእነሱ ትሁን» አሉ ጋሼ ቶፊስ ጋዜጣቸውን እየገለጡ። «ልጅቷስ? ግማሿ የእኔ አይደለችም እንዴ!»

ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ በራችን በተንኳኳ ቁጥር ጋሼ ቶፊስ ከዳኛ ወረቀት ይዘው ግማሼን ሊወስዱ የመጡ እየመሰለኝ አልጋ ሥር እደበቅ ነበር። እሳቸው ግን እስኪያረጁ ድረስ ሰጡኝ እንጂ፣ ድርሻዬን መልሱ ብለው አንድ ቀን አልመጡም።